ጠባይ ነው የተባለ ሕመም

ይህን የምጽፈው ሕመማቸው ጠባይ ተብሎ ለተፈረደባቸው ሰዎች ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ለሴቶች። ማጽናኛ የሚሻ አንባቢ ሌላ ጸሐፊ ቢፈልግ ይሻለዋል፤ እኔ በማጽናናት አልታወቅም። የማቀርበው በገዛ አካሌ ላይ የሆነውን፣ ማን ምን እንዳለኝና የማን ቃል በመጨረሻ እንደጠቀመኝ ነው።

ደባርቅ ውስጥ ሕግ አስተምራለሁ። ሦስተኛ ዲግሪዬን ከአገር ውጭ ሠርቼ ወደ ሰሜን ተራራ ግርጌ የተመለስኩት ማንም ጋብዞኝ ሳይሆን፣ አባቴ ከሞቱ በኋላ እናቴ ዳባት ብቻዋን በመቅረቷ ነው። ባለቤቴ የነበረው ሰው አብሮኝ አልመጣም፤ ባለመምጣቱም አልተከራከርኩትም። በመሥሪያ ቤቴ ስሜ ከቁጣ ተነጥሎ አይነሣም። ያልተነበበ ቃለ ጉባኤ የሚያስፈርም ኃላፊ፣ ፈተና አርሞ መመለስ የሚከብደው መምህር፣ የጓደኛውን ወረቀት የገለበጠ ተማሪ ከእኔ ዘንድ ለስላሳ ቃል አያገኝም። ይህ ጠባዬ ነው፤ አልክደውም። መከራዬ የጀመረው ሰውነቴ ሲታመም ሕመሙ የለበሰው ልብስ ከዚህ ጠባዬ ጋር አንድ ዓይነት በመሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ምልክት ሙቀት ነበር። ደባርቅን የሚያውቅ ሰው በታኅሣሥ ጠዋት ከሊማሊሞ አፋፍ ተነሥቶ የሚመጣውን ነፋስ ያውቀዋል። ተማሪዎቼ ጋቢ ደርበው፣ እጃቸውን በብብታቸው ወሽቀው ሲቀመጡ እኔ የክፍሉን መስኮት ሁሉ እከፍት ነበር። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር፣ «ዛሬ ደግሞ ቅጣቱ በብርድ ሆነ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቅጣት አልነበረም። ጀርባዬ በላብ ርሶ ነበር።

ቀጥሎ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ጽሑፍ የሌላ ሰው እስኪመስለኝ ድረስ ተለወጠ። ከወትሮዬ ይልቅ አብዝቼ እበላለሁ፤ ቀሚሴ ግን ከወገቤ ይንሸራተታል። ደረጃ ስወጣ ጭኔ ይከዳኛል፤ ደረቴ ውስጥ ገብስ የሚወቃ ያለ ይመስለኛል። ጎኔን ሳሳርፍ የልቤን ምት በትራሱ ውስጥ እሰማዋለሁ፤ ይሮጥ ይሮጥና አንዷን ምት ይዘልላል። በዚያች በተዘለለችው ምት ቦታ ላይ ሆኜ ቀጣዩን የምጠብቅበትን ፍርሃት ለማንም አልነገርኩም፤ ሌላውን ምልክት ግን ለጠየቀኝ ሁሉ ተናግሬያለሁ። መልሱ አንድ ነበር። የክፍላችን ኃላፊ በአባትነት ድምፅ፣ «ዶክተር፣ ራስዎን ያረጋጉ። ቁጣ ልብ ይጎዳል» አለኝ። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል።

ሐኪም ቤት አልሄድሽም እንዳልባል፣ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ክሊኒክ ታይፎይድና ታይፈስ ነው አለኝ፤ በአገራችን ለደከመው ሰው ሁሉ የሚታደል ስም ነው። የታዘዘልኝን ጨረስኩ፤ አልተሻለኝም። ሁለተኛው ጨጓራ ነው አለ። ሦስተኛውን ፍለጋ መንገዱ ክፍት የሆነበትን ቀን ጠብቄ ጎንደር ወረድኩ። ከረጅም ወረፋ በኋላ የገባሁበት ሐኪም ምልክቶቼን በቅደም ተከተል ስዘረዝርለት እስክሪብቶውን እንደያዘ ሰማኝ።

«ባለትዳር ነዎት?» አለ።

«ፈትቻለሁ።»

«ልጆችስ?»

«የሉኝም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ፤ ምርመራውም በዚሁ ተፈጸመ። ጭንቀት ነው ብሎ የእንቅልፍ ክኒን አዘዘልኝ። ለፍርድ ቤት ቢቀርብ መዝገቡን ያስዘጋ የነበረውን ጉድለት እዚህ ላይ ላስቀምጠው፦ እስከዚያች ቀን ድረስ የልቤን ምት የቆጠረ፣ አንገቴንም የዳሰሰ አንድም ሰው አልነበረም።

አንገቴ አብጦ ነበር። አላየሽውም ወይ ለሚለኝ፣ ዳባት ተወልዶ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም። በእኛ አካባቢ እንቅርት ሕመም አይባልም፤ የአንገት ዓይነት ነው። አያቴ ነበራት፤ የእናቴ እኅቶች አላቸው። አንገታቸውን በተርታ የተነቀሱትም ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እብጠቱን ያስረዋል ተብሎ ነው። አንድ ቅዳሜ እናቴ ዘንድ ስሄድ አገጬን ቀና አድርጋ አየችኝና ፊቷ በራ። «እሰይ የኔ ዓለም! አንገትሽ ሞላ፤ ወደ እናቶችሽ ወጣሽ» አለችኝ። ሰውነቴ እየመነመነ ሳለ አንገቴ ብቻ መሙላቱ ለእሷ ተስፋ ነበር። ሁሉ ሰው ያለው ነገር ለማንም አይታይም።

ታላቅ ወንድሜ ቄስ ሞገስ ግን ሌላ ነገር አዩ። ወንድሜን ከቀሰሱበት ቀን ጀምሮ አንቱ እላቸዋለሁ፤ እናቴም እንዲሁ። እንቅልፍ ማጣቴን፣ መንቀጥቀጤን፣ በትንሽ በትልቁ መቆጣቴን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቁጣ ሲከርም ማደሪያ ይሠራል፤ እኅቴ። ጸበል ግቢ።»

«ሕመም ነው፣ አባ።»

«ሕመም ከሆነም ጸበል ሕመም ይጠላል?»

ይህን መከራከሪያ ማፍረስ አልቻልኩም፤ ገባሁ። ከዳባት በታች ባለች ቤተ ክርስቲያን ጎሕ ሲቀድ ተሰልፈን ቆምን። ውኃው የነካው ሁሉ ይጮኻል፤ ጎልማሳው ይጮኻል፣ ሽማግሌው ይጮኻል። እኔ ጋ ሲደርስ ዓይኔን ጨፍኜ፣ «ይጨምሩልኝ» አልኩ። አጥማቂው ጨመሩ። «እባክዎን ይጨምሩልኝ» አልኩ። ጣሳውን ይዘው ወደ ወንድሜ ዞሩና፣ «አባ ሞገስ፣ እንዲህ ያለ ደንዳና ገጥሞኝ አያውቅም» አሉ። ስለ ጸበሉ ክፉ ቃል የለኝም፤ እስከዚያ ድረስ ካገኘሁት ሕክምና ሁሉ ሙቀቴን የቀነሰልኝ እሱ ብቻ ነበር። ልቤ ግን መሮጡን አልተወም፤ በቤተ ሰቡም ዘንድ ጉዳዩ አጋንንት ሆኖ ጸና። ወንድሜና እኔ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም።

በየካቲት መጨረሻ ክፍል ውስጥ ቆሜ እያስተማርኩ ጉልበቴ ከዳኝ። ራሴን አልሳትኩም፤ ተቀመጥኩና መነሣት አቃተኝ። ተማሪዎች ደግፈው በባጃጅ ደባርቅ ሆስፒታል አደረሱኝ። የተመላላሽ ሕሙማን መጠበቂያ አግዳሚው ሞልቶ ከጃናሞራ በኩል የመጣች አንዲት ሴትዮ ቦታ ለቀቀችልኝ። የእሷ እንቅርት ከእኔው እጥፍ ነበር፤ እንደ ቅል ተንጠልጥሎ።

«አንቺም ከእኛ ወገን ነሽ መሰለኝ» አለችኝ።

«ከማን ወገን?»

«ከአንገታሞቹ» ብላ ሳቀች። ከጎኗ የነበሩትም ሳቁ። «ግን ምነው እንዲህ ያንቀጠቅጥሻል? እኔ ይህን ተሸክሜ ድንች እቆፍራለሁ።»

ጥያቄው እስከዚያ ከሰማኋቸው የሐኪም ጥያቄዎች ሁሉ የተሻለ ነበር።

ስሜ ተጠርቶ የገባሁባት ነርስ ሲስተር ብርቄ ትባላለች። ጡረታዋ የተቃረበ፣ ድምፅዋ ከበር ውጭ የሚሰማ፣ ትሕትና የሚባል ነገር የማይነካካት ሴት ናት። የእጄን አንጓ ያዘችና ዓይኗን ሰዓቷ ላይ ተከለች።

«ሐኪሙን ነው የምፈልገው» አልኳት።

«ዝም በይ፤ እየቆጠርኩ ነው።»

«እኔ እኮ—»

«ዝም ብያለሁ።»

ደቂቃዋ እስክትሞላ ይዛኝ ቆየች። ከዚያ ሁለቱን እጆቼን ወደ ፊት እንድዘረጋ አዘዘችና አንድ ስስ ወረቀት በእጆቼ ጀርባ ላይ አኖረች። ወረቀቱ እንደ ቅጠል ተርገፈገፈ።

«ይህ ምንድን ነው ተባልሽ?»

«ቁጣ ነው ተባልኩ።»

«የተቆጣ ሰው ወረቀት ይቀድዳል እንጂ አያርገፈግፍም» አለችና ካርዴ ላይ ጽፋ ወደ ሐኪሙ ላከችኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ የምቴን ቁጥር አይቶ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ውኃ እንድጎነጭ አድርጎ አንገቴ ሲወጣና ሲወርድ አየ፤ በጣቶቹ ዳሰሰ፤ በማዳመጫው አዳመጠ። ደሜ ወደ ጎንደር ተልኮ ውጤቱ ሲመለስ ያለውን ቃል በቃል ልጽፈው፦ «አንገት ላይ ታይሮይድ የምትባል ዕጢ አለች። ሰውነት በምን ፍጥነት እንደሚሠራ የምትወስነው እሷ ናት። የእርስዎ ከልክ በላይ እየሠራች ነው። ሙቀቱም፣ መክሳቱም፣ መንቀጥቀጡም፣ የልብ ሩጫውም ከእሷ ነው። ካልታከመ ልብዎ ይደክማል፤ ምቱም ተዛብቶ ሊቀር ይችላል። ብዙ ሰው እንቅርት ይኖረውና ዕጢዋ በልኳ ትሠራለች፤ ለዚያ ነው ሌሎቹ ደኅና የሆኑት።»

ይህን ስሰማ የተሰማኝን በትክክል ልናገር፤ ፍርሃት አልነበረም። እፎይታ ነበር። ሕመሙ ስም አገኘ፤ ስሙም የእኔ ስም አልነበረም። መዳን አለመዳኔ ግን ገና ነበር። ሁለት ዓይነት ክኒን ታዘዘልኝ፤ አንዱ የልብን ምት የሚያረጋጋ፣ ሌላው የዕጢዋን ሥራ የሚያቀዘቅዝ፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰድ። ልቤ ሳይበላሽ ለመድረስ ያለኝ መንገድ ይኸው ብቻ ነበር።

መድኃኒቱን ይዤ ልወጣ ስል ሲስተር ብርቄ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ወዴት? ገና ትምህርቱ አለ።»

«ወረቀቱን አነባለሁ።»

«ማንበብሽን ማን ጠየቀሽ? ከማን ጋር ነው የምትኖሪ?»

እረፍት ስለተሰጠኝ ዳባት እናቴ ዘንድ እንደምሰነብት ነገርኳት። ውጤቱን ለመስማት አብራኝ የመጣችው እናቴ ውጭ ተቀምጣ ነበርና አስጠራቻት። «ሲያተኩስሽ አንቺ አታስቢም፤ የሚያስብልሽን ሰው ነው ማስተማር ያለብኝ» አለችኝ። ከዚያ ለሁለታችን ነገረችን። ይህ የዕጢ ክኒን በጥቂት ሰዎች ላይ ደምን ይጎዳል፤ ከተላላፊ በሽታ የሚከላከለውን ነጭ የደም ሕዋስ ያጠፋዋል። አይበዛም፤ ከመጣ ግን በቶሎ ይገድላል። የሚጀምረው እንደ ተራ ጉንፋን ነው። «ስለዚህ» አለች፣ ጣቷን እያነሣች፣ «ጉሮሮ ካመመ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ክኒኑ ይቆማል፣ ደም ይታያል፣ ነገ አይባልም። ድገሚልኝ።»

«ሲስተር፣ እኔ በሕግ—»

«እዚህ በሽተኛ ነሽ። ድገሚ።»

ደገምኩ፤ በራሴ አነጋገር። ደኅና ነው አለችና ወደ እናቴ ዞረች። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዓይኗን ከድና፣ አንድ ቃል ሳትጨምር አንድ ቃል ሳትቀንስ፣ የትንፋሹን ማረፊያ ሳይቀር መልሳ አወጣችው።

ነርሷ ያነሣችውን ጣቷን አወረደች። «እማማ፣ የት ተማሩ?»

«እኔ ምን እማራለሁ ልጄ። የመሪጌታ ሚስት ነበርኩ። ተማሪ ሲያስቀጽሉ እድሜ ልኬን ከጓዳ ሆኜ ስሰማ ኖርኩ።»

አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ። መምህሩ አንድ ሐረግ ያዜማሉ፤ ተማሪው ይመልሳል፤ ቃል ከጣለ ከመጀመሪያው ይደግማል፤ ማስቀጸል ማለት ይኸው ነው። ነርሷ በእጇ ያለው የትምህርት ዘዴ ለእናቴ ከተዳረች ጀምሮ የቤቷ ድምፅ እንደነበረ አላወቀችም። እኔም በዚያን ዕለት ነገሩን ቁም ነገር አላልኩትም።

ትምህርቱ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው። ለክትትል ስመለስ ምቴ እምብዛም አልቀነሰም ነበር፤ ሐኪሙም ፊቱን አጨማደደ። ሲስተር ብርቄ «ትወስጃለሽ ወይ» ብላ አልጠየቀችም፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሁሉም ሰው አዎ ብሎ ነው የሚመልሰው። ወደ እናቴ ዞራ፣ «ትናንት የመጀመሪያውን ክኒን መቼ ዋጠች?» አለች።

«ከቅዳሴ መልስ።»

«ሁለተኛውንስ?»

«አብሮ። ሦስተኛውንም አብሮ።»

«ምነው እማማ?»

«ሁዳዴ አይደል እንዴ? በጾም አፍ ምን ይገባል? በቀን ሦስት አላችሁ፤ ቀኑም አንድ፣ ክኒኑም ሦስት፤ ሁሉም ገቡ።»

ለምን ዝም ብለሽ ዋጥሽ የሚለኝ ካለ፣ በእናቴ ቤት በዐቢይ ጾም ላይ ክርክር የሚከፍት ሰው ገና አልተወለደም። ሕመሙ የተወልኝ ጉልበት ደግሞ የሰጡኝን ለመዋጥ እንጂ ለክርክር አይበቃም ነበር። ሲስተር ብርቄ ግንባሯን በመዳፏ መታች። «የእኔ ጥፋት ነው፤ ወሩን ረሳሁት። የክኒኑ ጉልበት ከሰዓታት በኋላ ያልቃል፤ ሦስቱን አንድ ላይ ብትውጥ ቀሪውን ቀን ዕጢዋ ያለ ጠባቂ ትቀራለች» አለች። እናቴ ገባት፤ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ጾም ነው። በነርስ ቃል አይፈታም።

«ካህን ልጅ አለኝ ብለውኝ የለ? ስልኩን ይስጡኝ።»

ደወለች። «አባ፣ ይባርኩኝ። እኅትዎ ክኒን የምትውጠው በሦስት ሰዓት፣ በዘጠኝ ሰዓትና በምሽት ሦስት ሰዓት መሆን አለበት። እናትዎ ደግሞ ጾሙን ይፈራሉ።» የወንድሜ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። «ለታመመ ሰው መድኃኒት ጾም አያስፈርስም። ለእናቴ ይስጡልኝ፣ ራሴ ልንገራት» አሉ። ነገሯት። በማግስቱ በሦስት ሰዓት እናቴ ክኒኑንና ውኃውን ይዛ ከፊቴ ቆማ ነበር፤ ወንድሜም በየቀኑ ደውለው «ዋጠች?» ይላሉ። በቤታችን አጋንንት የሚለው ቃል ከዚያ ወዲያ አልተነሣም፤ ማንም ግን ተሳስተናል አላለም።

ሕክምናው ሠራ። ለፋሲካ ልቤ ረግቶ፣ እጄ ጸንቶ፣ ቀሚሴ ወገቤን ማወቅ ጀምሮ ነበር። አደጋው የመጣው ዳንኩ ባልኩበት ጊዜ ነው።

አንድ እሑድ ጠዋት ጉሮሮዬ እሾህ የዋጥኩ ያህል እየወጋኝ ነቃሁ። እናቴ ግንባሬን ነካችና እጇን ቶሎ አነሣች። ጎረቤታችን ዳማከሴ በእጇ አሽታ ይዛልኝ መጣች። ወንድሜ ከቅዳሴ መልስ ሲገቡ አዩኝና አልደነገጡም።

«ጉንፋን ነው» አሉ። «ዛሬ ሕዝቡ በሙሉ እየሳለ ነው ያስቀደሰው።»

እኔም ተስማማሁ። የሕግ ሰው ነኝና የነርሷን ቃል መተርጎም ጀምሬ ነበር። አይበዛም ብላለች፤ ስለዚህ የእኔ ያ ላይሆን ይችላል። የቃሉ ዓላማ ከባዱን ሕመም ለመያዝ ነው፤ ጉንፋን አይመለከተውም። ከዚህ ሁሉ በታች ግን ፍርሃት ነበር፤ ክኒኑን ካቆምኩ ያ ሩጫ ተመልሶ ልቤን ይወስደዋል የሚል። «እማ፣ ሰዓቱ ደርሷል፤ ክኒኔን አምጪልኝ» አልኳት።

እናቴ የክኒኑን ብልቃጥ አነሣችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

«አልሰጥም።»

«ልቤን እኮ ነው የያዘልኝ።»

«ጉሮሮ ካመመ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ክኒኑ ይቆማል፣ ደም ይታያል፣ ነገ አይባልም።»

«ጉንፋንን ማለቷ አይደለም» አሉ ወንድሜ። «ደግሞስ በእሑድ ማን ይገኛል? ሰኞ ማለዳ ራሴ እወስዳታለሁ።»

እናቴ ወደ እሳቸው ዞረች። «አንቱ፣ ድጓ ሲያዜሙ ቃል ይጥላሉ?»

«አልጥልም» አሉ ወንድሜ።

«አባትዎ ቃል የጣለን ተማሪ ምን ያደርጉት ነበር?»

«ከመጀመሪያው ያስደግሙት ነበር።»

«እንግዲያስ ይስሙኝ። ‹ጉንፋን ካልሆነ› የሚል በውስጡ የለም። ‹እሑድ ካልሆነ› የሚልም የለም። ‹ነገ አይባልም› ግን አለበት። መኪና ይፈልጉ።»

ያን ዕለት ከዳባት ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሚኒባስ አልነበረም። ወንድሜ መንገድ ላይ ቆመው ድንች የጫነ አይሱዙ አስቆሙ። ሾፌሩ ለእኔና ለእናቴ ጋቢናውን ሰጠንና ወንድሜን አየት አድርጎ፣ «አባ፣ እርስዎ ከድንቹ ጋር ነዎት» አለ። ወንድሜ ጥምጥማቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ከጭነቱ ላይ ወጡ። በየጉድጓዱ እናቴ ራሴን ደረቷ ላይ አጥብቃ ትይዛለች፤ ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ስሰማ ያንኑ የነርሷን ቃል እየቀጸለች ነው።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ተረኛው ነርስ ትኩሳቴን እየለካ፣ «ምን ሆኑ?» ሲል እኔ የምናገርበት ጉሮሮ አልነበረኝም። እናቴ ብልቃጡን ከነጠላዋ ፈታ ከፊቱ አኖረችና ቃሉን አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። ነርሱ ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቀም፤ ደም ቀዳ። ውጤቱን ይዞ የመጣው ያው ወጣት ሐኪም ነበር። ነጭ የደም ሕዋሴ ከመጥፋት የሚቆጠር ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ወንድሜ ከድንቹ አፈር ጋር በሩ ላይ ቆመው፣ «ሰኞ ብንመጣስ ኖሮ?» ብለው ጠየቁት።

«ሰኞ ቢመጡ ኖሮ አሁን ‹ትተርፍ ይሆናል› ብዬ አልነግርዎትም ነበር» አለ ሐኪሙ።

ለብቻዬ ክፍል ተሰጠኝ፤ መድኃኒት በደም ሥሬ ይገባ ጀመር። በዚያ ክፍል ያየሁትን ጥበቃ ማቃለል አልችልም። የሚገባ ሁሉ እጁን ታጥቦ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ይገባል። ጠያቂ ለማብዛት የሞከሩትን ዘመዶቼን ሲስተር ብርቄ በዚያ ድምፅዋ ከኮሪደር መለሰቻቸው፤ «ፍቅራችሁን እዚያው ሆናችሁ ላኩት፤ እጃችሁ ላይ ያለውን ግን አልፈልግም» ስትል ሰምቻለሁ። አፌን በጨው ውኃ እንድጉመጠመጥ ታዘኛለች፤ ፍራፍሬ ሳይላጥ እንዳይገባ ትከለክላለች፤ ልቤ እንዳይሮጥ የምት ማረጋጊያውን በሰዓቱ ትሰጠኛለች፤ ምቴን ቆጥራ «ይዟል» ትለኛለች። እኔ የምጠብቀው ያቺን አንዲት ቃል ነበር። ይዟል። አንድ ጠዋት ሐኪሙ የደሙን ወረቀት ይዞ ገባና፣ «ሕዋሶቹ ተመለሱ» አለ። እናቴ ከበሩ ውጭ ሆና ሰማች፤ እልልታዋን ግን አፏን በነጠላዋ ይዛ አስቀረችው፤ ድምፅ ይከለከል እንደሆነ አልተነገራትምና።

ያን ክኒን ዳግመኛ መውሰድ ስለማልችል ቀሪው መንገድ ቀዶ ሕክምና ነበር። ጎንደር ላይ ተሠራልኝ። ዕጢዋ ወጥታለች። አሁን እሷ ትሠራው የነበረውን በልኩ የሚተካ አንዲት ክኒን በየጠዋቱ በባዶ ሆዴ እውጣለሁ፤ ዕድሜ ልኬን። ይህንንም ሲስተር ብርቄ አስተማረችን፤ እናቴም «ይኼኛው አጭር ነው» ብላ ወዲያው ያዘችው።

ለአንባቢ የምለው ጥቂት ነው። ልብዎ ዕረፍት ላይ ሳሉ የሚሮጥ፣ እየበሉ የሚከሱ፣ ሌላው ሲበርደው የሚሞቅዎ ከሆነ፣ ስለ ጠባይዎ የሚነግርዎትን ሰው ከመስማትዎ በፊት ምትዎን የሚቆጥርና አንገትዎን የሚዳስስ ሰው ይፈልጉ። መድኃኒት ሲሰጥዎት አደገኛ ምልክቱ ምን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ትምህርቱንም አብሮዎት የሚኖር ሰው ይስማ፤ ይድገመውም። ለድንገተኛ ቀን የተሰጠን ቃል ደግሞ አይተርጉሙት። እንደ ወረደ ይፈጽሙት።

በጥቅምት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ባልደረቦቼ የተለወጠች ሴት ሲጠብቁ እንደነበር ፊታቸው ይናገራል፤ ዕጢዋ ስትወጣ ምላሴም አብሮ የወጣ መስሏቸዋል። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ኃላፊያችን ያልተነበበ ቃለ ጉባኤ እንድንፈርም አዞረ። አልፈርምም አልኩ፤ ለምን እንደማልፈርምም በሚገባው ቃል ነገርኩት። ፈገግ ብሎ ወደ ሌሎቹ ተመለከተ።

«ዶክተር፣ የዛሬውን መድኃኒት ወስደዋል?»

ሁለት ሰዎች ሳቁ። እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።

«ሰዓት አስረዋል። ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ።»

እምቢ ማለት አፈረና አንጓዬን ያዘ። የያዘው የተሳሳተ ቦታ ስለነበር ጣቶቹን አንሥቼ ከአውራ ጣቴ ግርጌ አኖርኩለት። እኔም ከእሱ ጋር ቆጠርኩ፤ አንዷም አልተዘለለችም።

«ደኅና ነው» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ደኅና ከሆነ» አልኩት፣ «ይህ ቁጣ የራሴ ነው። ቃለ ጉባኤውን ያንብቡልን።»